ይቅር በል የሚባለው ሁልጊዜ የተሰደበው ነው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምጽፈው ከጎንደር ነው። የማነሣው ጥያቄ የሃይማኖት ጥያቄ ነው፤ መልሱን የምፈልገው ግን ለክርክር አይደለም። አብረን የምናስቀድስ፣ አብረን የምንጾም ሰዎች በየቤታችን የምንሠራው ነገር ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ አለ። ከመተከል በኩል የመጣ፣ ቆዳው ከብዙዎቻችን የጠቆረ፣ ተጠምቆ የሚቆርብ ልጅ ነው። በቅርቡ አንድ ጓደኛው ለጽዋ ማኅበር ጋበዘውና አብሮት ሄደ። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው መዞር ሲጀምር አንድ አዛውንት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይህን ባርያ ማን አመጣው ብለው ጠየቁ። ከጎኑ የተቀመጡት ሴት ነጠላቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉ። ልጁ ብድግ ሲል እጁን ይዘው አስቀመጡት። ክርስቲያን አይደለህም ወይ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይቅር በል፣ ሌላውን ጉንጭህን አዙር እያሉ መከሩት። አዛውንቱን ግን አንድም ሰው ምነው አላላቸውም። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ዞሮ እርሱ ዘንድ ሲደርስ አለፈው፤ ለእርሱ ጠላው በፕላስቲክ ኩባያ ተቀድቶ መጣለት።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ የፍቅርን ትእዛዝ ገልብጠን ይዘነዋል። ሌላውን ጉንጭ ማዞር ለተመታው ሰው የተሰጠ ቃል ነው። ቆሞ የሚያይ ሰው ያንን ቃል አንሥቶ የተመታውን ዝም እንዲያሰኝበት አልተሰጠውም። ለሚያየው የተሰጠው ሌላ ቃል ነው። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ትእዛዝ በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥18 ይገኛል፤ ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር ደግሞ በእርሱ ምክንያት ኃጢአት እንዳይሆንብህ ባልንጀራህን ገሥጸው ይላል። ጌታም በሉቃስ 17፥3 ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፣ ቢጸጸትም ይቅር በለው ሲል ተግሣጹን ከይቅርታው አስቀድሞታል። ታዲያ ተግሣጹን ዘልለን ይቅርታውን ከተበዳዩ ብቻ የምንጠይቀው ከየት አምጥተን ነው? የምታውቁትን ጻፉልኝ።

ከዚህ በታች ያለው የመጡት ምላሾች ናቸው። ረጅሞች ስለሆኑ፣ አንዳንዶቹም ተሰርዘው ስለጠፉ፣ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቄ በራሴ ቃል አስፍሬአቸዋለሁ።

ምላሽ 1

መጀመሪያ የመለሰችው አንዲት እህት ናት፤ አነጋገሯ የተለሳለሰ ነበር። ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም የሚለውን የገላትያ 3፥28 ቃል በሰንበት ትምህርት ቤት ሁላችንም በቃላችን እንዳጠናነው አስታወሰችና፣ በቃል መያዙ ግን ስድቡን ከምላሳችን ላይ እንዳላነሣው በሐዘን ጻፈች። ልጁንም ሳታውቀው ይቅርታ ጠየቀችው። ባላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ መጠየቋን በኋላ አንድ ሰው ተችቶታል፤ እኔ ግን ልቤን ነክቶኛል።

ምላሽ 2

ቀጥለው የጻፉት የአብነት ትምህርት የተማሩ አባት ናቸው። አክብረውኝ ጀመሩ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው አሉ። ነገር ግን ለተግሣጽ ስንቸኩል የሐዋርያውን ትእዛዝ እንዳንጥስ አስጠነቀቁ። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥1 ሽማግሌ የሆነውን አትገሥጸው፣ እንደ አባት ለምነው እንጂ ብሏል። አዛውንቱም ያደጉበት ዘመን የሰጣቸውን ቃል ተናገሩ እንጂ በልባቸው ጥላቻ ስለመኖሩ ማንም ሊፈርድ አይችልም። ትልቅ ሰውን በአደባባይ ማሳፈር ሌላ በደል ይሆናል ብለው ደመደሙ። ይህ ምላሽ እስከ መጨረሻው ድረስ ሰዎች እየተመለሱ ሲከራከሩበት ስለቆየ ልብ በሉት።

ምላሽ 3

ሦስተኛው ሰው ሁለተኛውን በቀጥታ ተቃወመ። ስለ አዛውንቱ ምላስ የተባለውን ቢቀበል እንኳ ስለ ኩባያው ምን እንላለን ብሎ ጠየቀ። ኩባያውን ያመጣው ሌላ ሰው ነው፤ ቃሉ አምልጦት ሳይሆን ወደ ጓዳ ገብቶ፣ አስቦ፣ መርጦ ነው ያመጣው። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ላደረገው መልካሙን ስፍራ ሰጥተው ድሀውን ከእግራችን በታች ተቀመጥ የሚሉትን ሰዎች የሚወቅሰው በመቀመጫ ነው፤ በጽዋ ቢሆን ኖሮ ምን ይል ነበር? አድልዎ ኃጢአት መሆኑን ያዕቆብ በግልጽ ስለጻፈው፣ የልብን ነገር እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ማለፍ እዚህ ላይ አይሠራም አለ። ከመጀመሪያዎቹ ምላሾች ሁሉ ነገሩን በትክክል የያዘው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምላሽ 4 እና 5

አራተኛው በሠርግ ቤት ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ ብሎ በአጭሩ አለፈ። አምስተኛው የማኅበሩንና የአጥቢያውን ስም እንድነግረው ጠየቀኝ። አልነገርኩትም፤ አልነግርምም።

ምላሽ 6

እዚህ ላይ ውይይቱ ተበላሸ። አንድ ሰው መጥቶ ኖኅ ካምን ረግሞታልና ጥቁርነትና ባርነት ከዚያ የመጣ ነው፣ መጽሐፍ ያለውን መካድ አይቻልም ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለውን ቃል በየጠላ ቤቱ ሰምቼው አውቃለሁ፤ ተጽፎ ሳየው ግን ደነገጥሁ።

ምላሽ 7

የመለሰለት ዲያቆን ነው። አልተሳደበም፤ መጽሐፉን ገለጠለት። በዘፍጥረት 9፥25 ኖኅ የረገመው ከነዓንን እንጂ ካምን አይደለም። በምዕራፍ 10 የካም ልጆች ኩሽ፣ ምጽራይም፣ ፉጥና ከነዓን ተብለው ተቆጥረዋል፤ ኩሽ በእርግማኑ ውስጥ የለም፣ ስለ ቆዳ መልክም አንድ ቃል አልተጻፈም። ይህን ትርጓሜ ያስፋፉት ባርያ ነጋዴዎችና ጠበቆቻቸው ናቸው፤ አትላንቲክን አሻግረው ሰው ለሸጡት ሰዎች የሚመች ስለነበረ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ፤ ጥቁርነት የኩሽ እርግማን ነው ብለን ከተቀበልን ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች እያልን በኩራት የምንጠቅሰው መዝሙር የማን ሊሆን ነው? መጽሐፍ ቅዱሳችን ኩሽ የሚለውን ኢትዮጵያ ብሎ የጻፈልን እኛው ራሳችን ነን ብለን ደስ እንዲለን አይደለም ወይ አለ።

ምላሽ 8

ስምንተኛው ስድስተኛውን ሰደበው። አወያዩ ግማሹን ሰረዘው። የቀረው ግማሽ ለመድገም የሚመች አይደለም።

ምላሽ 9

ከሁሉም ምላሾች ረጅሙ የሕግ ተማሪ ከሆነ ወጣት የመጣው ነው። ጎንደር ፍትሐ ነገሥት እየተጠቀሰ ፍርድ የተሰጠባት ከተማ መሆኗን አስታውሶ፣ ያ መጽሐፍ ስለ ባርነት የሚለውን አቀረበ። መጽሐፉ በግብፅ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጠናቀረ ነው። ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነፃ መሆኑን ይመሰክራል፤ ባርያን ነፃ ማውጣትንም እንደ ታላቅ በጎ ሥራ ያመሰግነዋል። ሆኖም ጦርነት አንዱን ለሌላው ባርያ እንደሚያደርግ ተቀብሎ ሕጉን ይደነግጋል። ስለዚህ እኩልነቱን እናውቀው ነበር፤ ጽፈነዋል፤ ከዚያ ግን ገበያው ቀጠለ አለ ወጣቱ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመተማ ገበያ ከቡናና ከሰም ጋር ሰው ይሸጥ ነበር። ከዚያ በኩል የሚመጣው ወርቅና ጨርቅ ወደ ጎንደር ነጋዴዎች ቤት ይገባ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ዋናው ክርክር ይኸው የባርያ ንግድ ነበር፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው። አዛውንቱ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው አዋጁ ሲታወጅ ሕፃን ነበሩ ወይም ወላጆቻቸው ያስታውሱት ነበር፤ ቃሉ ከአፋቸው የወጣው ከዚያ ቤት ነው ብሎ ጻፈ።

ወጣቱ ይህን የጻፈው አዛውንቱን ለማቃለል ወይም ለማውገዝ እንዳልሆነ ተናግሯል። ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ያንን አላነበበለትም።

ምላሽ 10

አሥረኛው በቁጣ መጣ። ቤተ ክርስቲያንንና አገርን ለማዋረድ የተጻፈ ነው አለ። ዘረኝነት የነጭ በሽታ እንደሆነ፣ ኢትዮጵያ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ለጥቁር ሁሉ እንደተዋጋች፣ አንዲት ቃል ይዞ ይህን ሁሉ መጻፍ የውጭ ሰዎችን ወሬ መድገም እንደሆነ ገለጸ። ስለ ዐድዋ የተናገረው እውነት ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ዐድዋ ላይ ከተሰለፉት መካከል ግን ዛሬ በማኅበር ቤት ጽዋ የሚከለከሉ ሰዎች አያቶች አልነበሩም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም።

ምላሽ 11

ከአሜሪካ የጻፈ የጎንደር ልጅ ነው፤ ያደገው አዘዞ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ ፖሊስ መኪናውን አስቁሞ እጁን መሪው ላይ እንዲያደርግ ሲያዘው፣ ለፖሊሱ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ የቀይ ዘር የሚባል ነገር እንደሌለ የገባው ያኔ ነው። በኋላ በሚሄድበት የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ሕፃናት ሲጫወቱ፣ አንዱ ልጅ ሌላውን እኛ አገር ቤት በምንሰድብበት ቃል ሲሰድበው ሰማ፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ የተሰደደ ወላጅ ለልጁ ካወረሰው ነገር አንዱ ያ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1963 በበርሚንግሃም እስር ቤት ሳለ ስምንት የሃይማኖት አባቶች ታገሥ፣ ጊዜው አይደለም፣ ሰልፉ ሁከት ያመጣል ብለው በጋዜጣ ጻፉበት። እርሱም ከእስር ቤት በመለሰላቸው ደብዳቤ በግልጽ ከሚጠሉት ሰዎች ይልቅ፣ ሰላም እንዳይታወክ ብለው ትዕግሥትን የሚመክሩት ለዘብተኞች ልቡን እንደሰበሩት ነገራቸው። ይኸው ሰው በኃይል አልመለሰም፤ ጠላቱን ውደድ የሚለውንም አልጣለም። ነገር ግን ፍቅሩ ዝምታ አልነበረም ብሎ ደመደመ። ለእኔ ጥያቄ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም።

ምላሽ 12

አሥራ ሁለተኛው የአሜሪካን ጣጣ ወደ ጎንደር አታምጡብን አለ። ምሳሌ ከፈለጋችሁ ከራሳችን አባቶች ውሰዱ ብሎ ሙሴ ጸሊምን አነሣ፤ በዓሉ ሰኔ 24 የሚከበርለትን። በግብፅ በአስቄጥስ ገዳም አባቶች ጉባኤ ተቀምጠው ሳለ ይህ ጥቁር ለምን በመካከላችን ይመጣል ብለው ናቁት፤ እርሱም ዝም አለ። በሌላ ጊዜ የበደለ ወንድም ሲከሰስ ሙሴ በተቀደደ ዕቃ ውኃ ተሸክሞ እያንጠባጠበ መጣ፤ ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ በሌላው ልፈርድ መጣሁ አለ። ይህ ነው የክርስቲያን መልስ፤ ልጁ የሙሴ ጸሊምን መንገድ ይከተል፣ እናንተም በአዛውንቱ አትፍረዱ ብሎ ጻፈ።

ምላሽ 13

የዚህ መልስ ከአንዲት መነኩሲት ነው። ትሑት በሆነ ቃል ታሪኩ እስከ መጨረሻው እንዲነበብ ጠየቁ። ጉባኤው ከተበተነ በኋላ አባቶች ሙሴን ልብህ አልታወከም ወይ ብለው ጠየቁት። ታውኬ ነበር፣ ግን አልተናገርሁም ብሎ መለሰ። አልታወክሁም አላለም፤ ቁስሉን አልካደም። የተናቀውም ለፈተና ነበር፤ ፈታኞቹ ራሳቸው ወደ እርሱ ተመልሰው ጠይቀውታል። በጽዋው ማኅበር ልጁን ተመልሶ ልብህ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ስለ ተቀደደው ዕቃም ሙሴ ያን ያደረገው በደካማ ወንድም ላይ ብዙዎች ለፍርድ ሲሰበሰቡ ነው፤ በማኅበሩ ብቻውን የነበረው ደካማ ግን አዛውንቱ ሳይሆኑ ልጁ ነው አሉ። ዝምታን ለራስ መምረጥ ቅድስና ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው መምረጥ ግን ከአበው አልተማርነውም ብለው ጨረሱ። ከመነኩሲቷ በኋላ አሥራ ሁለተኛው አልተመለሰም።

ምላሽ 14

እናቷ ሸክላ የምትሠራ ሴት ናት የጻፈችው። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው፤ በወለቃ አካባቢ። ስለ ቆዳ ብቻ ስታወሩ ዝም ብዬ አልፍ ነበር፣ ግን የእኛን ቤት የሚመስል ነገር ስለሆነ እጽፋለሁ ብላ ጀመረች።

እናቷ ጭቃውን ከአሸዋ ጋር በእግሯ ትረግጣለች። የጀበናውን ሆድ በእጇ ታወጣለች፤ አንገቱን ለብቻ ሠርታ ትቀጥላለች፤ ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ጠጠር ገላውን እስኪያበራ ድረስ ትወለውለዋለች። ከዚያ በኩበትና በእንጨት ትተኩሰዋለች። ቅዳሜ ገበያ ይዛው ትወጣለች። ገዢዋ ጀበናውን አንሥታ በጥፍሯ ታንኳኳዋለች፤ ካልተሰነጠቀ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ ብሩን በእናቷ እጅ አታስቀምጥም፤ መሬት ላይ ትጥለዋለች። እናቷ ጎንበስ ብላ ታነሣዋለች። በዚያው ጀበና ቡና ተፈልቶ፣ በእርሷ ምጣድ እንጀራ ተጋግሮ ክርስትና ሲነሣ እናቷ ትጠራና ለብቻ በዳር ትቀመጣለች፤ ቡዳ ናት ተብሎ ሕፃኑ ይሸፈናል። እጇ የሠራውን ምጣድ ይቀበላሉ፣ እጇ የጋገረውን እንጀራ አይቀበሉም ብላ ጻፈች። ጎረቤቶቻቸው የነበሩት ቤተ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1991 ከመሄዳቸው በፊት ስድቡን አብረዋቸው ይካፈሉ ነበር፤ እነርሱ ሲሄዱ ስሙ ለቀሩት ሸክላ ሠሪዎች ቀረ።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም መጻፍ አልቻልሁም።

ምላሽ 15 እና 16

አሥራ አምስተኛው ይህ ዘረኝነት ሳይሆን የሥራ ንቀት ነው፣ መልካቸው ከእኛ አይለይም፤ ሁለቱን አታቀላቅሉ አለ። አሥራ ስድስተኛው፣ ያው ከላይ የጻፈው ዲያቆን፣ አልተስማማም። የሸክላ ሠሪ ልጅ ሐኪም ብትሆን፣ ሊያገባት የመጣው ቤተሰብ አጥንት እየቆጠረ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ከተመለሰ የተናቀው ሥራው ሳይሆን ደሙ ነው። ሥራን ስለመናቅም ቢሆን በማርቆስ 6፥3 የናዝሬት ሰዎች ጌታን የናቁት ይህስ ጸራቢው የማርያም ልጅ አይደለምን ብለው ነው። ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 እንደተጻፈው ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር። ሁለቱም በእኛ መንደር ቢገኙ ብሩን መሬት ላይ ይጥሉላቸው ነበር አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጁ ሥራ መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰው እንደነበርም አስታወሰ። ምኒልክ ያን አዋጅ ካወጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖ፣ ብሩ አሁንም መሬት ላይ ይጣላል።

ምላሽ 17፣ 18 እና 19

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ጎንደር ታሪክ ሄደ። አንዱ ቤተ እስራኤል የከተማዋ ግንበኞችና አናጢዎች እንደነበሩ፣ ሰፈራቸውም ካይላ ሜዳ ይባል እንደነበር ጻፈ። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ በጉባኤ መወሰኑንም ጨመረ። ግንቡን ሠርተህ ከግንቡ ሥር አትኑር መባል ማለት ነው። ሌላው ደብረ ብርሃን ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ የተረፈችው ንብ ወጥቶባቸው ነው የሚለውን አንሥቶ፣ አንድ ሰው ደግሞ የለም፣ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ነው ብሎ መለሰለት። ከርእሱ ጋር አይገናኝም፤ ግን ማንም አልከለከላቸውም፤ እኔም ደስ ብሎኝ አነበብሁት።

ምላሽ 20

ከዚያው ወሬ አንድ ቁም ነገር ወጣ። አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ፣ ልጁ በሥዕሉ ላይ ጥቁሩን ሰይጣን አይቶ የጎረቤታቸውን ልጅ ስም ጠራ። ምን ብዬ ላስረዳው ብለው ጠየቁ።

ምላሽ 21

ሠዓሊ የሆነ ሰው መለሰላቸው። በአገራችን የሥዕል ሥርዓት ክፉውን ከደጉ የሚለየው ቀለም ሳይሆን ፊት ነው፤ ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ኃጥእ ግን በጎኑ ይሳላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ልጁን ወደ ሥዕሉ መልሰህ ዓይኖቹን እንዲቆጥር አድርግ አላቸው፤ እንደዚያ ከተማረ ቀለሙን አይመለከትም። እኔ ደግሞ ሠዓሊዎቻችን ለአጋንንት ሌላ ቀለም ቢፈልጉላቸው ጥሩ ነው እላለሁ፤ ሕፃን ሁሉ ዓይን የሚቆጥርለት አባት የለውም።

ምላሽ 22 እና 23

ሃያ ሁለተኛው ወደ ርእሱ መለሰን። በዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ሙሴ ባገባት ኢትዮጵያዊት ምክንያት ማርያምና አሮን እንዳሙት፣ እግዚአብሔርም ማርያምን እንደ በረዶ ነጭ በሆነ ለምጽ እንደመታት አነሣ። ሃያ ሦስተኛው አረመው፤ ማጉረምረማቸው ከሚስቱ ቢጀምርም በቀጣዩ ቁጥር እግዚአብሔር በሙሴ ብቻ ተናግሮአልን ወደሚል ቅናት ስለሚሻገር፣ ስለ ቆዳ ብቻ የተጻፈ አድርገን አንውሰደው አለ። እርማቱ ትክክል ነው። ግን ሁለቱም ያላነሡት ነገር አለ፤ እኔ ጨመርሁት። የተበደለው ሙሴ ስለ እርሷ ጸለየ፤ ሆኖም ጸሎቱ ቅጣቱን አላስቀረውም፤ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። ሕዝቡም እርሷ እስክትመለስ ድረስ አልተጓዘም። ይቅርታ አለ፣ ተግሣጽም አለ፣ መጠበቅም አለ፤ ሦስቱም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ።

ምላሽ 24

ስለ ደቡብ አፍሪካ የጻፈ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 የኬፕ የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ነጭና ጥቁር አብረው ማምለካቸው እንደ መጽሐፍ ቃል እንደሚገባ ካመነ በኋላ፣ ስለ አንዳንዶች ድካም ሲባል ለየብቻ ቢያመልኩ ይፈቀዳል ብሎ ወሰነ። ለአንዳንዶች ድካም የተሰጠው ፈቃድ በኋላ አገር ሙሉ የአፓርታይድ ሕግ ሆነ። በጽዋው ላይም ያደረግነው እንዲሁ ነው፣ ለአንድ አዛውንት ድካም ብለን አለ። እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ፣ ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ተለይታ የተመሠረተችው የክልሶች ቤተ ክርስቲያን ይህን መለያየት የሚቃወም የእምነት መግለጫ እስክታጸድቅ ድረስ፣ ብዙዎች ይህን ሁሉ ከክርስትና ጋር የማይጋጭ አድርገው ያዩት ነበር። አሥረኛው ሰው ተመልሶ እኛን ከቦር፣ ከደቡብ አፍሪካ ነጮች ጋር ታወዳድራለህ ብሎ ተቆጣ፤ መምህሩም ማወዳደሩን እንደማይተው በአጭሩ መለሰ። ከዚያ በኋላ የተጻፉትን ጥቂት የስድብ መስመሮች አወያዩ አጠፋቸው።

ምላሽ 25

ልጁ ራሱ ጻፈ። ሁሉንም እንዳነበበ፣ ስሙን ስላላነሣሁበት እንደሚያመሰግነኝ ገለጸ። አዛውንቱን ከዚያ ቤት ሳይወጣ ይቅር ብሏቸዋል፤ በዚያ ላይ ክርክር የለውም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ሎሌው ጌታን በጥፊ ሲመታው ጌታ ዝም አላለም፤ መልካም ተናግሬ እንደሆነ ስለ ምን ትመታኛለህ ብሎ ጠየቀው። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ እስር ቤት በስውር ሊያስወጡት ሲሉ በግልጥ ደብድበውናልና ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። እኔ ግን ስለ ምን ብዬ እንድጠይቅ እንኳ አልተፈቀደልኝም፤ እጄን ይዛችሁ አስቀመጣችሁኝ ብሎ ጻፈ። ይኸው ነበር።

ምላሽ 26

አንድ ካህን የጻፉት ከዚህ በኋላ ነው። ሁለተኛውን ምላሽ በስም ጠቅሰው፣ የ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 1 ላይ እንዳንቆም መከሩ። በዚያው ምዕራፍ በቁጥር 19 በሽማግሌ ላይ ክስ ሲመጣ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይኑር ይላል፤ በቁጥር 20 ኃጢአት የሚሠሩትን ሌሎቹ እንዲፈሩ በሁሉ ፊት ገሥጻቸው ይላል፤ በቁጥር 21 ደግሞ ይህን ያለ አድልዎ እንዲጠብቅ ጢሞቴዎስን ያስጠነቅቀዋል። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር መብላት ትቶ ሲለይ ጳውሎስ በሁሉ ፊት እንደተቃወመውም በገላትያ ምዕራፍ 2 አሳዩ፤ ያም የማዕድ ነገር ነበር። ከዚያ ሥርዓቱን አስቀመጡ፤ በመጀመሪያ የንስሐ አባታቸውና ሁለት ሽማግሌዎች ወደ አዛውንቱ ቤት ይሂዱ፣ በአክብሮት ይነጋገሩ፤ ካመኑ ይቅርታውን ቃሉ በተነገረበት በማኅበሩ ፊት ይጠይቁ።

ምላሽ 27

የሁለተኛው ምላሽ ባለቤት ተመልሰው መጡ። ቁጥር 20ን እና 21ን በመርሳታቸው ካህኑን አመሰገኑ። ወደ ቤት መሄዱን ተቀበሉ፤ በማኅበሩ ፊት የሚለውን ግን እስካሁን አልተቀበሉም፤ አዛውንቱ ከዚያ በኋላ ከቤት ሳይወጡ ይሞታሉ ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው የእውነት ነው። እኔ ግን ከካህኑ ጋር ነኝ፤ ስድቡ በሠላሳ ሰው ፊት ተነግሮ ይቅርታው በጓዳ ከተባለ፣ ሠላሳው ሰው የሚያስታውሰው ስድቡን ነው።

ምላሽ 28

የመጨረሻው ልጁን የጋበዘው ጓደኛው ነው። በማኅበሩ የሚቀጥለው ተራ የእርሱ እንደሆነ፣ ነገሩ ካልተስተካከለ ተራውን እንደማያነሣ ለማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት ለማኅበሩ መሪ፣ እንደነገረው ጻፈ። ይህ ትክክል ነው ወይ ብሎ ጠየቀን። የመለስሁለት እንዲህ ነው፦ ወንድሜ፣ ተራህን አትተው። ደግስ። ከድግሱ በፊት ካህኑና ሙሴው ወደ አዛውንቱ ቤት ይሂዱ። ልጁን በድጋሚ ለመጥራት ግን አንተ አትምጣ፤ አንተ አንድ ጊዜ ጠርተኸዋል። አሁን እኛ ግቢ መጥተው በሩን ማንኳኳት ያለባቸው ያን ቀን እጁን ይዘው ያስቀመጡት ሰዎች ናቸው።